ጉልቻ ቢለዋወጥ

(በራዲዮ የተሰጠ ንግግር)



«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» የሚለው ተረት፥ በአገራችን ሹም በተሻረና ሹም በተተካ ቁጥር ከሰው አፍ አይጠፋም። ተረቱን የሚናገረው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ፈገግ ብሎ ይናገረዋል፤ ፈገግታው ግን ተስፋ የቆረጠ ሰው ፈገግታ ነው። በዛሬው ንግግሬ ይህን ተረት መነሻ አድርጌ፥ አዲስ የተመረጠ ፕሬዚዳንት እውነተኛ የፖለቲካ ለውጥ ለማምጣት ይችል ወይም አይችል እንደ ሆነ ከእናንተ ጋር ልመረምር አስቤአለሁ።

ጥያቄው ከእኔ የመነጨ አይደለም። መስከረም 28 ቀን 2017 ዓ.ም. ማለዳ፥ በአስኮ የአውቶቡስ ሰልፍ ውስጥ ቆሜ ሳለሁ አንድ ሽማግሌ የጠየቁኝ ነው። በዋዜማው፥ ሰኞ መስከረም 27፥ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትና የፌዴሬሽን ምክር ቤት በጋራ ተሰብስበው አምባሳደር ታዬ አጽቀ ሥላሴን የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ፕሬዚዳንት አድርገው መርጠው ነበር። ሽማግሌው የሰፈራችን ሰው ናቸው። ጋቢያቸውን ተከናንበው፥ በብብታቸው አንድ ትልቅ ፖስታ ይዘው ቆመዋል። ሥራዬ በራዲዮ መናገር መሆኑን ስለሚያውቁ ጠጋ ብለው፥ «ልጄ፥ አዲሱ ፕሬዚዳንት ትናንት ተመርጠዋል አሉ፤ ይህችን ወረቀት ባደርስላቸው ነገሬን ያዩልኛል ወይ?» አሉኝ።

በፖስታው ላይ «ለክቡር ፕሬዚዳንት» የሚል በጥሩ የእጅ ጽሕፈት ተጽፎበታል። በውስጡ ያለው አቤቱታ አጭር ነው። ሽማግሌው ብዙ ዘመን በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል፤ ሆኖም ከአገልግሎታቸው ውስጥ አራት ዓመት አልተቆጠረላቸውም። የእነዚያ ዓመታት ማስረጃ ያለበት ፋይል ከመዝገብ ቤት ሊገኝ አልቻለም። «ነገ ይመለሱ»፥ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው»፥ «ከመዝገብ ቤት ደብዳቤ አጽፈው ይምጡ» እየተባሉ ሁለት ዓመት ተመላልሰዋል።

እኔም በዚያ ሰዓት የምመልሰው ጠፋኝ። «አባቴ፥ ጥቂት ቀን ይስጡኝ፤ መርምሬ እነግርዎታለሁ» ብያቸው በመጣው አውቶቡስ ተሳፈርሁ። ያን ዕለት ማታ ሕገ መንግሥቱን አውጥቼ አነበብሁ። ለእናንተም ዛሬ የማካፍላችሁ ለእርሳቸው የነገርኋቸውን ነው።

በመጀመሪያ፥ የሽማግሌው አሳብ ከየት እንደ መጣ እንመልከት። በአገራችን «አቤት» የሚባለው ከሁሉ በላይ ላለው ነበር። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ንጉሠ ነገሥቱ በሚያልፉበት መንገድ ዳር አቤቱታን በእጅ ይዞ መጠበቅ የተለመደ ነገር ነበር፤ በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥትም ቢሆን የመጨረሻውን ሥልጣን በንጉሠ ነገሥቱ እጅ አጽንቶ ያኖረ ነው። ከዚያ በኋላ በ1979 ዓ.ም. በሕዝብ ድምፅ እንዲጸድቅ የተደረገው የሕዝባዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት «ፕሬዚዳንት» የሚባለውን ማዕርግ አመጣ። በዚያ ማዕርግ የተቀመጡት ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ርእሰ ብሔርም፥ የጦር ኃይሎች ዋና አዛዥም፥ የብቸኛው ፓርቲ መሪም ነበሩ። ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. ከአገር እስከ ወጡ ድረስ፥ ፕሬዚዳንት ማለት የፈቀደውን የሚያደርግ ሰው ማለት ነበር። እንግዲህ ሽማግሌው «ፕሬዚዳንት» የሚለውን ቃል ሲሰሙ ያን ሥልጣን ቢያስቡ የሚያስወቅሳቸው አይደለም። ቃሉ አልተለወጠም፤ ነገሩ ግን ተለውጧል።

ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 45 የአገሪቱ የመንግሥት ሥርዓት ፓርላሜንታዊ እንደ ሆነ ይደነግጋል። በአንቀጽ 72 ከፍተኛው የማስፈጸም ሥልጣን የጠቅላይ ሚኒስትሩና የሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው ይላል። በአንቀጽ 74 ደግሞ የጦር ኃይሎች ጠቅላይ አዛዥ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው። ታዲያ ለፕሬዚዳንቱ ምን ቀረ? አንቀጽ 71 ይዘረዝረዋል፤ ይኸውም የሁለቱን ምክር ቤቶች ዓመታዊ ስብሰባ መክፈት፥ የጸደቁ ሕጎችን በነጋሪት ጋዜጣ ማወጅ፥ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሲያቀርብ አምባሳደሮችን መሾም፥ የውጭ አገር መልእክተኞችን የሹመት ደብዳቤ መቀበል፥ ኒሻንና ሽልማት መስጠት፥ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሲያቀርብ ከፍተኛ የውትድርና ማዕርግ መስጠት፥ በሕግ መሠረት ይቅርታ ማድረግ ነው።

በዚህ ዝርዝር ውስጥ ሚኒስትር መሾም የለም፤ በጀት መመደብ የለም፤ መሥሪያ ቤትን ማዘዝም የለም። ሕግ መከልከል እንኳ የለም፤ በአንቀጽ 57 መሠረት ምክር ቤቱ ያጸደቀው ሕግ ለፕሬዚዳንቱ ቀርቦ በ15 ቀን ውስጥ ካልተፈረመበት፥ ያለ ፊርማው በሥራ ላይ ይውላል። ፊርማው የክብር ነው፤ ሕጉን ሊያግድ አይችልም።

ይህ የወረቀት ንባብ ብቻ እንዳይሆን፥ በሥራ የታየውን ደግሞ እንመርምር።

የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ ከነሐሴ 1987 እስከ መስከረም 1994 ዓ.ም. አገልግለዋል። በ1993 ዓ.ም. በገዢው ፓርቲ ውስጥ መከፋፈል በተነሣ ጊዜ ከፓርቲው አመራር ጋር ተለያዩ። አሳባቸውን ተናገሩ፤ ሆኖም ማዕርጋቸው ነገሩን ለማቃናት የሚያስችል መሣሪያ አልሰጣቸውም፤ ዘመናቸውን ፈጽመው ወጡ። በ1994 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 255 ከሥልጣን የወረደ ፕሬዚዳንት ከፓርቲ ፖለቲካ እንዲርቅ የሚጠይቅ ነበር። ዶክተር ነጋሶ ግን በ1997 ዓ.ም. በደምቢ ዶሎ በግል ተወዳድረው የምክር ቤት አባልነት አሸነፉ፤ በዚህም ምክንያት ለቀድሞ ፕሬዚዳንት የሚሰጠው ጥቅም ቀረባቸው። ልብ በሉ፤ ስድስት ዓመት በቤተ መንግሥት ከኖሩ በኋላ በፖለቲካው ላይ የሚሰማ ድምፅ ለማግኘት የመረጡት የአንድ ወረዳ ሕዝብ እንደራሴ መሆንን ነው።

ሁለተኛው ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ አሥራ ሁለት ዓመት በማዕርጉ ቆዩ። ሐምሌ 1999 ዓ.ም. ከምርጫው ውዝግብ በኋላ ታስረው የተፈረደባቸው 38 የቅንጅት መሪዎችና ሌሎች ሰዎች በይቅርታ ሲፈቱ፥ ፊርማው የፕሬዚዳንቱ ነበር። ከተፈቱት አንዷ ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ ናቸው። ታኅሣሥ 2001 ይቅርታው ተነሥቶባቸው እንደ ገና ታሰሩ፤ መስከረም 2003 እንደ ገና በይቅርታ ወጡ። እኚህ ሴት ኅዳር 2011 በጠቅላይ ሚኒስትሩ አቅራቢነትና በምክር ቤቱ ውሳኔ የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆነው ተሾሙ። የእስር ቤቱን በር ሁለት ጊዜ የከፈተው የፕሬዚዳንቱ ፊርማ ነው፤ የምርጫ ቦርዱን በር የከፈተው ግን ሌላ እጅ ነው።

ሦስተኛው ፕሬዚዳንት ዶክተር ሙላቱ ተሾመ መስከረም 27 ቀን 2006 ዓ.ም. ተመርጠዋል። በእርሳቸው ዘመን፥ የካቲት 2010፥ ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለ ማርያም ደሳለኝ ሥልጣን ለመልቀቅ መጠየቃቸውን አስታወቁ፤ መጋቢት 24 ቀን ዶክተር ዐቢይ አሕመድ ቃለ መሐላ ፈጸሙ። በዚያ ወቅት እስረኞች ተፈቱ፤ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ተነሣ፤ በሐምሌ መጀመሪያ ከኤርትራ ጋር የሰላም ስምምነት ተፈረመ። ፕሬዚዳንቱ ሳይለወጡ ይህ ሁሉ ሆነ። አገር በሙሉ ያይ የነበረው ወደ ጠቅላይ ሚኒስትሩ እንጂ ወደ ፕሬዚዳንቱ አልነበረም።

አራተኛዋ ፕሬዚዳንት ሣህለ ወርቅ ዘውዴ ጥቅምት 15 ቀን 2011 ዓ.ም. ሲመረጡ በዚህ ማዕርግ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። ያን ቀን ብዙ እናቶችና እኅቶች ደስ ብሎአቸዋል፤ ደስታቸውም ተገቢ ነበር። ነገር ግን ከዚያ ዘጠኝ ቀን ቀደም ብሎ፥ ጥቅምት 6፥ ከ20 ሚኒስትሮች 10ሩ ሴቶች የሆኑበት ካቢኔ በጠቅላይ ሚኒስትሩ አቅራቢነት በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጸድቆ ነበር። አንደኛው ሹመት ሴት ልጅ እስከ የት ልትደርስ እንደምትችል ለሕዝብ አሳየ፤ ሁለተኛው ሹመት መሥሪያ ቤቶችን በእጃቸው አስገባ። ሁለቱም ይጠቅማሉ፤ አንድ አይደሉም።

ከእናንተ መካከል «እንግዲያው ለውጥ ያለው በጠቅላይ ሚኒስትሩ እጅ ብቻ ነው ማለትህ ነውን?» የሚለኝ አይጠፋም። አይደለም። በ2010 ዓ.ም. የታየው ተስፋ ታላቅ ነበር፤ ይሁን እንጂ በጥቅምት 2013 በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ጦርነት ተነሣ፤ በፕሪቶሪያ ስምምነት እስከ ቆመበት እስከ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ድረስም ብዙ ሕይወት ጠፋ። በአንድ ሰው ቃል የመጣ ተስፋ፥ በሕግና በተቋም ካልታሰረ ለክፉ ቀን አይደርስም።

የውጭውም ዓለም ምሳሌ ይህንኑ ይመሰክራል። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የሴኔጋል ሕዝብ ባሲሩ ዲዮማይ ፋዬን በመጀመሪያው ዙር ፕሬዚዳንት አድርጎ መረጠ፤ ሰውየው ከእስር ቤት ከወጡ ገና ዐሥረኛ ቀናቸው ነበር። በሴኔጋል ፕሬዚዳንት እንደ እኛ አገር የክብር ሹም ብቻ አይደለም፤ ሥልጣን አለው። ሆኖም የምክር ቤቱ ብዙ መቀመጫ በተቃዋሚዎቻቸው እጅ ስለ ነበር የፈለጉትን ለመፈጸም ተቸገሩ። መስከረም 2017 ምክር ቤቱን በተኑ፤ ኅዳር ላይ በተደረገው ምርጫ ፓርቲያቸው ከ165 መቀመጫ 130ውን አገኘ። ሥልጣን ያለው ፕሬዚዳንት እንኳ ምክር ቤት ሳይኖረው ብዙ መራመድ ካልቻለ፥ ሥልጣኑ በሕግ ለሌላ የተሰጠበት ፕሬዚዳንት ብቻውን ምን ሊያደርግ ይችላል?

ይህን ስል ማዕርጉን ለማቃለል አይደለም። ፕሬዚዳንቱ የሚያዘው ጥቂት ቢሆንም ሊያደርገው የሚችለው መልካም ነገር አለ።

አንደኛው ይቅርታ ነው። የይቅርታ አሰጣጡ በአዋጅ ቁጥር 840/2006 ተወስኗል፤ ጥያቄውን ቦርድ መርምሮ ለፕሬዚዳንቱ ያቀርባል። ፊርማው ለአገር ፖለቲካ ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ በእስር ቤት ላለው ሰውና በር በሩን ለሚያዩ ልጆቹ ግን ከእርሱ የሚበልጥ ፊርማ የለም።

ሁለተኛው ድምፅ ነው። ሕገ መንግሥቱ የፕሬዚዳንቱን ዘመን ስድስት ዓመት፥ የምክር ቤቱን ዘመን አምስት ዓመት ማድረጉ ያለ ምክንያት አይመስለኝም፤ ምክር ቤት ሲለወጥ አገሩን በአንድነት የሚወክል ሰው በቦታው እንዲገኝ ነው። የምክር ቤት አባል ፕሬዚዳንት ሆኖ ቢመረጥ መቀመጫውን እንዲለቅ መደረጉም ለዚሁ ነው። ከአንዱ ወገን ሳይሆን እውነትን የሚናገር ርእሰ ብሔር፥ ማዘዝ ባይችል እንኳ ማሳሰብ ይችላል።

ሦስተኛው ምናልባት ከሁሉ ይልቅ እናንተን የሚመለከት ነው። በየዓመቱ በመስከረም የመጨረሻው ሳምንት ሰኞ ምክር ቤቶቹ ሲከፈቱ፥ ፕሬዚዳንቱ ንግግር ያደርጋል። ንግግሩ የመንግሥት የዓመቱ አሳብ የሚገለጽበት ነው። አብዛኛው ሰው በዕለቱ ሰምቶ በማግሥቱ ይረሳዋል። እኔ ግን አንድ ነገር ላሳስባችሁ እወዳለሁ፤ ያን ንግግር ያወጣውን ጋዜጣ ቆርጣችሁ በመሳቢያችሁ አኑሩት። የምክር ቤቱ የሥራ ዘመን ሰኔ 30 ይዘጋል። በዚያ ቀን ወረቀቱን አውጥታችሁ የተባለውንና የተደረገውን አስተያዩ። ከመሥሪያ ቤታችሁ የሚጠበቀው የትኛው እንደ ነበረ፥ ምን ያህሉ እንደ ተፈጸመ ምልክት አድርጉበት። ፕሬዚዳንቱ ለውጥ ያመጣ እንደ ሆነ ከመጠየቅ ይልቅ፥ በፕሬዚዳንቱ አፍ የተነገረው ቃል በእኛ እጅ ምን እንደ ሆነ መጠየቅ ይቀድማል።

ክቡራን አድማጮች፥ አሁን ወደ ተረቱ ልመለስ። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም የተባለው እውነት ነው፤ ነገር ግን ጉልቻ ወጥ አጣፍጥ ተብሎ የተቀመጠ አይደለም። የጉልቻ ሥራ ድስቱ እንዳይደፋ መሸከም ነው። ጉልቻው ከተናጋ ወጡ ቢጣፍጥም ከእሳት ላይ ይፈስሳል። ስለዚህ በጉልቻው ማዘን አይገባንም፤ ወጡ አልጣፍጥ ሲለን ጨውና በርበሬው፥ እንጨቱም በማን እጅ እንዳለ መጠየቅ ይገባናል። ሕግ የማውጣቱ ጉዳይ በእንደራሴዎቻችን እጅ ነው፤ የማስፈጸሙ ትእዛዝ በጠቅላይ ሚኒስትሩና በሚኒስትሮች እጅ ነው፤ የመዝገብ ቤቱ ቁልፍ ደግሞ በእኛ በመንግሥት ሠራተኞች እጅ ነው።

ይህን ሁሉ ለሽማግሌው በእሑድ ቀን ከቤታቸው ሄጄ ነገርኋቸው። በጥሞና ሰሙኝና፥ «ታዲያ የኔን ነገር የሚፈርመው ማን ነው?» አሉኝ። እውነቱን ነገርኋቸው። የእርሳቸው ጉዳይ የፕሬዚዳንት ፊርማ የሚያሻው አይደለም፤ የጠቅላይ ሚኒስትርም አይደለም። አንድ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ አቧራውን አራግፎ ያን ፋይል ቢያወጣው፥ አንድ ክፍል ኃላፊ «የአገልግሎት ዘመናቸው ትክክል ነው» ብሎ ቢፈርም የሚያልቅ ነው።

አቤቱታውንም አብረን እንደ ገና ጻፍነው። «ለክቡር ፕሬዚዳንት» የሚለውን ትተን ጉዳዩ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት አደረግነው፤ በመዝገብ ቤት ቁጥርና ቀን እንዲሰጠው፥ ግልባጩም ከእጃቸው እንዳይጠፋ ተነጋገርን። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183 ባለጉዳይ ውሳኔውን ከነምክንያቱ እንዲያውቅና ቅር ሲለው ለፍርድ ቤት እንዲያመለክት መንገድ እንደሚሰጥ ነገርኋቸው። ይህም ካልሆነ በ1992 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 211 የተቋቋመ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም መኖሩን አስረዳኋቸው። ሽማግሌው ግን ፈገግ ብለው፥ «ልጄ፥ ሕጉስ መልካም ነው፤ እኔ የሚያስፈራኝ ያ መስኮት ነው» አሉኝ። መስኮቱ ማለታቸው፥ ባለጉዳይ ቆሞ የሚጠብቅበትንና «ነገ ይመለሱ» የሚባልበትን ነው።

እንግዲህ አዲስ የተመረጠ ፕሬዚዳንት እውነተኛ ለውጥ ሊያመጣ ይችላልን? ብቻውን አይችልም፤ ሕጉም እንዲችል አላደረገውም። ሊያደርግ የሚችለው ድስቱን በክብር መሸከም፥ ለታሰረ መማለድ፥ ለተጣላ የሰላም ቃል መናገር ነው። ይህንም ካደረገ ድርሻውን ፈጽሟል። እኛ ግን የሌላውን ድርሻ በእርሱ ላይ ጭነን፥ ሳይሆን ሲቀር «ጉልቻ ቢለዋወጥ» ብለን ተርተን ወደ ቤታችን ብንገባ፥ የራሳችንን ዕዳ በተረት ከፈልን ማለት ነው።

ሽማግሌውን ከዚያ ወዲህ በአስኮ ሰልፍ ውስጥ ሁለት ጊዜ አይቻቸዋለሁ። ፖስታው አሁንም በብብታቸው ነበር። አራቱ ዓመታት የሚፈለጉበት ፋይል በአንድ መደርደሪያ ላይ፥ ምናልባትም ይህን ጋዜጣ አሁን ከሚያነቡት ከአንዳችሁ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ይሆናል። ነገ ጠዋት ቢሮአችሁ ስትገቡ፥ ሻዩ ከመምጣቱ በፊት፥ ከመደርደሪያው ግርጌ ያለውን ፋይል አንሥታችሁ የማን እንደ ሆነ አንብቡ።